ፒትሆልን ባዶ ያስቀራት የጉድጓዱ መድረቅ ብቻ አይደለም
በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያዋ የነዳጅ ከተማ ፒትሆል የጠፋችው የነዳጅ ጉድጓዶቿ ስለደረቁ ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ 15 ሺህ ያህል ሰው እንዲጎርፍባት ያደረገው ድፍድፍ ነዳጁ ብቻ ሳይሆን፣ በርሜሉን በፈረስ ጋሪ በጭቃ ውስጥ እየጎተቱ ባቡር ጣቢያ የማድረሱ ሥራ ጭምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1865 ሳሙኤል ቫን ሲክል ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ የብረት ቧንቧ ዘርግቶ ድፍድፉን ወደ ባቡሩ መላክ ሲጀምር፣ ጉድጓዶቹ ሙሉ በሙሉ ሳይነጥፉ ጋሪ ነጂዎቹ እንጀራቸውን አጡ። የከተማዋን መጥፋት «የሀብት እርግማን ነው»፣ ማለትም የጎዳት የተፈጥሮ ሀብቷ ራሱ ነው፣ ለሚሉም የምመልሰው ይህንኑ ነው። በአሰብ መንገድ ላይ ባለችው የወሎዋ ባቲ ያደግን ሰዎችም ከአሰብ ወደብ ነዳጅ የሚያመላልሱ ቦቴዎች ተሰልፈው ሲያድሩ፣ ጎሚስታውና ሻይ ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አይተናል፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የኤርትራ ድንበር ሲዘጋ ያ ሁሉ ሥራ ቆመ፣ ከባቲ ምድር ግን አንድ ጠብታ ነዳጅ ወጥቶ አያውቅም። ባቲን ያቆያት ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ የሚገናኝበት የሰኞ ገበያዋ ነው፤ ፒትሆል ግን ከነዳጁ ውጪ የሚያኖራት ሥራ ስላልነበራት እ.ኤ.አ. በ1870 ነዋሪዎቿ 300 እንኳ አይሞሉም ነበር።