ውሃው ባለ ጋዝ፣ ድራፍቱ ያለ ጋዝ

ከመክሲኮ እስከ ስታዲየም፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጓሮ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ቤቶች ተቀምጦ ውሃ ያዘዘ ሰው «ባለ ጋዝ ይሁን ወይስ ያለ ጋዝ?» ተብሎ በትሕትና ይጠየቃል። ድራፍት ያዘዘ ሰው ግን ምርጫ የለውም፤ ሳይጠየቅ ያለ ጋዙ ይቀርብለታል። እኔ ቢራ የምወደው ምላስ ቆንጥጦ፣ አፍንጫ ኮርኩሮ፣ ጉሮሮ ጠርጎ ሲወርድ ነው። በከተማዋ እምብርት የማገኘው ግን በአብዛኛው አረፋው ጠረጴዛው ጋ ሳይደርስ የጠፋ፣ እንደ ኩሬ የረጋ ጃንቦ ነው።

ቅሬታ ሳቀርብ «ፋብሪካው ነው እንዲህ አድርጎ የሚልከው» ይሉኛል። ይህን መልስ ከቶ አልቀበለውም። ተራ የላገር ቢራ፣ ማለትም በየቤቱ የምንጠጣው ዓይነት፣ በአንድ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጋዝ የምንለውን) ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ የዚያው ፋብሪካ ጠርሙስ ሲከፈት «ጢስ» እያለ በርሜሉ ብቻ የሚሞትበት ምክንያት ከቤቱ ውስጥ መፈለግ አለበት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ ጋዙ ከቢራው ለመውጣት ይቸኩላል። ቢራውን ከበርሜል የሚገፋው የጋዝ ሲሊንደር ጌጅ (የግፊት መለኪያው) ደግሞ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈን ቁጥር እዚህ እንዳለ የገለበጠ ሰው ቢራውን ሩብ ባር ያህል ግፊት ነስቶታል ማለት ነው። ለመሆኑ ስንቱ ቤት ነው ይህን አስቦ ጌጁን የሚነካው?

የሚነካውማ ለሌላ ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ማቀዝቀዣው ሲደክም ቧንቧው ይሞቃል፤ ቢራው በአረፋ ብቻ ይወጣል፤ ጠጪው «አረፋ ልትሸጥልኝ ነው?» ብሎ ይጮኻል፤ ባርማኑም በጭንቀት ግፊቱን ዝቅ ያደርገዋል። መፍትሔው ቧንቧውን ማቀዝቀዝ ነበር። ግፊቱ ሲቀንስ ግን በቢራው ውስጥ የቀረው ጋዝ ወደ በርሜሉ ባዶ ክፍል እየወጣ ያልቃል፤ እስከ ማግስቱ የቆየው ግማሽ በርሜል ለዛው ተሟጦ ያድራል። (እዚህ ላይ እኛ ጠጪዎችም ከወቀሳ አናመልጥም፤ ሁለት ጣት አረፋን እንደ ሌብነት የምንቆጥር እኛው ነን።) ሙቀቱ ራሱ ትንሽ ጠላት አይደለም፤ በእኩል ግፊት 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ መያዝ የሚችለው ጋዝ 0 ዲግሪ ላይ ከሚይዘው ግማሹን ያህል ነው።

ብርጭቆውማ አይነሳ። በአንድ ሳፋ የሳሙና ውሃ ተነክሮ፣ በወጉ ሳይለቀለቅ፣ የጥብስ ቅባት ጠርዙ ላይ እንዳለ የሚመለስ ብርጭቆ ምንም ዓይነት አረፋ አያቆምም።

እኔ ደግሞ የማይቻል አልጠየቅሁም። የባቫሪያ የስንዴ ቢራ በአንድ ሊትሩ ውስጥ፣ ለብቻው ቢወጣ ከ3 እስከ 4 ሊትር የሚሞላ ጋዝ አሟሙቶ ይይዛል፤ ጉዝ የተባለው የቤልጅየም ቢራ ጠርሙሱ ውስጥ ዳግም ስለሚፈላ ወፍራም ጠርሙስና የታሰረ ቡሽ ያስፈልገዋል። ለእኔ የተለመደው በአንድ ሊትር ቢራ ሁለት ሊትር ተኩል ጋዝ (ያው 5 ግራሙ) ይበቃኛል፤ ብቻ ከበርሜሉ እስከ ጠረጴዛዬ ይድረስልኝ። አምቦ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሕዝብ የጋዝን ጣዕም አያውቅም ብሎ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

በቅርቡ ስታዲየም አካባቢ አንዱን አስተናጋጅ ጠርቼ «ወንድሜ፣ ይህ ድራፍት ጋዝ የለውም» ብዬ በጨዋነት ነገርኩት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «ጋዝ ከፈለጉማ ስፕራይት ልቀላቅልልዎት?» አለኝ። ሂሳቡ ላይ ስፕራይቱ ለብቻው እንደሚጻፍም አልደበቀኝም።