98.6 አምጥታ 14ኛ

ሰኔ 30 ሀገር ምድሩ ሒሳብ ሚዘጋበት ቀን ነው። መንግሥት በጀቱን ይዘጋል፣ መሥሪያ ቤቱ የተረፈችውን ብር ላለመመለስ ሳምንቱን ሙሉ ወንበርና ጠረጴዛ ሲገዛ ይሰነብታል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ካርድ ሰጥቶ በሩን ይዘጋል። አሁን አሁን እንኳን ካርዱ ቀደም ብሎም ዘግይቶም ሊሰጥ ይችላል፣ ግን የትምህርት ካሌንደሩ ምንም ይበል ምን እኛ ጋ ትምህርት ቤት ሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ አለቀ።

እኛ ልጅ እያለን ሰኔ 30 ሚያስፈራው በካርዱ ብቻ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የተጣላኸው ልጅ ሁሉ "ሰኔ 30 እንገናኝ!" ብሎህ ነው የሄደው፣ ጥቅምት ላይ ላጲስ ወስደህበት ይሆናል፣ የካቲት ላይ ኳሱን ቆርቆሮ ላይ ሰቅለህበት ይሆናል፣ ሁሉም ተመዝግቦ ተቀምጧል። ቀኑ የተመረጠው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም እኮ፣ በሌላ ቀን ከተደባደብክ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስምህ ተጠርቶ በጎማ ትገረፋለህ፣ ሰኔ 30 ግን ማግስት የለውም፣ ዩኒት ሊደሩም ዳይሬክተሩም እስከ መስከረም አያገባቸውም። ስለዚ ዕዳ የበዛበት ልጅ ካርዱን ተቀብሎ በር አይሄድም፣ በጓሮ አጥር ነው ሚወጣው። ፀባይ ሚለው ቦታ ላይ ታዲያ ሁላችንም ኤ ነን፣ ደብዳቢውም፣ ተደብዳቢውም፣ አጥር ዘላዩም።

ካርዱም ካርድ ነበር። መምህሩ በእጃቸው በእስክርቢቶ የሞሉት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ከታች "ተዛውሯል" ወይ "አልተዛወረም"፣ አለቀ ደቀቀ። አንድ ክፍል ውስጥ 70 እና 80 ልጅ ታጭቆ ሚማርበት ቦታ ስለነበር 63ኛ ሚባል ደረጃ አለ፣ ሰው ወጥቶት ያውቃል፣ በሕይወትም አለ፣ አሁን ኮንትራክተር ነው። ደሞ የእጅ ባለሙያ ልጆች ነበሩ፣ 28ኛን በምላጭ ጫፍ ቀስ አርገው ፍቀው 8ኛ ሚያደርጉ። ችግሩ ምላጩ 2ቷን ሲያነሳ ወረቀቱንም አብሮ ያሳሳዋል፣ አባትየው ካርዱን ወደ መስኮቱ ከፍ አርገው ሲያዩት ከ8ቷ ጎን ብርሃን ይገባል። ከዛ በኋላ የተፈጠረው ነገር ለሕዝብ ሚነገር አይደለም።

ዘንድሮ ግን ሰኔ ሲመጣ ልጆቹን አይቻቸዋለሁ፣ አንዳቸውም አይፈሩም። ሚፈራው ወላጅ ነው።

ፍርሃቱ ሚጀምረው በቴሌግራም ነው። የክፍሉ ወላጆች ግሩፕ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ "እባካችሁ የልጄ ሹራብ ጠፍቷል" እና "የዛሬ ሆምወርክ ገጽ ስንት ነው" ሲባልበት የከረመ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ድንገት የፋይናንስ ሚኒስቴር ይሆናል። የጋውን ኪራይ፣ የፎቶ፣ የኬክ፣ የድንኳን፣ የዲጄ፣ የፊት ቀለም ቀቢ፣ እንዴ ፊት ቀለም ቀቢ ለምን? ብሎ ሚጠይቅ ወንድ ወላጅ ካለ ደሞ ወዲያው አንዷ እናት "ለልጆቻችን ደስታ ነው" ትልና አርባ ልብ ይደረደርላታል፣ እሱም ቀስ ብሎ ጥያቄውን ያጠፋል። ከዛ የመምህሯ ስጦታ ይመጣል። አንዷ ጋቢ ትላለች፣ አንዷ ጋቢ ባለፈው ዓመት ተሰጥቷታል ወርቅ ይሁን ትላለች፣ አንዱ "ሐሳቡን እደግፋለሁ" ብሎ ይጠፋል፣ እስከ መስከረም አይታይም። በነገራችን ላይ መምህሯ ራሷ ግሩፑ ውስጥ አለች፣ ሁሉንም እያነበበች ነው፣ ምስኪን ጋቢውንም ወርቁንም ዝም ብላ ታያለች።

"የከፈላችሁ ስክሪንሾት ላኩ" ይባላል። ደረሰኝ በደረሰኝ ሲሆን አንዱ አባት ቸኩሎ የባንኩን ሜሴጅ እንዳለ ስክሪንሾት አርጎ ላከው። የባንክ ሜሴጅ ደሞ የላክኸውን ብቻ ነግሮህ አይተውህም፣ ከስር ቀሪ ሒሳብዎ ብሎ ይጨምራል፣ 312 ብር ከ47 ሳንቲም። ግሩፑ ጸጥ አለ። ማንም አልጻፈም። ከቆይታ በኋላ ጋቢ ያለችው እናት ሁለት እጅ ገጥሞ ሚለምነውን ኢሞጂ አስቀመጠችለት። ከዛ ቀን ጀምሮ ወርቅ ሚል ሰው አልነበረም፣ ጋቢ ጸደቀ።

ፕሮግራሙ ዕለት መቼም ይዘንባል። ሰኔ ነው፣ ይዘንባል፣ ግን ይሄ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ዜና ነው ሚታየው፣ ድንኳኑ መሃል ላይ ውሃ አቁሮ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተንጠልጥሎ ጥበቃው በመጥረጊያ እንጨት ከስር ወደ ላይ ሲገፋው ውሃው ኋላ ረድፍ የተቀመጡት ላይ ይደፋል። ኋላ ረድፍ ደሞ ዘግይተው የመጡ አባቶች ናቸው፣ ይበላቸው። የክብር እንግዳው "የነገ ሀገር ተረካቢዎች" እያሉ ይናገራሉ፣ ይናገራሉ፣ ከፊት ከተሰለፉት ሀገር ተረካቢዎች አንዱ ከነጋውኑ ሽንቱን ለቆ ማልቀስ ጀምሯል፣ እሳቸው ገና የመግቢያው ላይ ናቸው።

ያየሁት የአክስቴ ልጅ ልጁን ሲያስመርቅ ነው። ልጅቷ ኬጂ ሦስትን ጨርሳ፣ ሰማያዊ ጋውን፣ ጠፍጣፋ ቆብ፣ ከቆቡ ጫፍ ሚንጠለጠለው ክር አፏ ውስጥ ገብቶ እያኘከችው። አክስቴ ለዚሁ ብላ ከደብረ ብርሃን መጥታለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ወንበር ላይ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ግጥም አነበበች፣ ማናችንም አልሰማንም፣ ዝናቡም ሳውንዱም እንግሊዝኛውም ተባብረው፣ አክስቴ ግን እልልታውን አቀለጠችው። ሲያልቅ ወደ ልጇ ዞረች።

"ጨረሰች ማለት ነው?"

"አዎ እማዬ፣ ተመረቀች።"

"እሰይ! ተመስገን! ታዲያ የት ተመደበች?"

መቼም አክስቴ አትፈረድም። በደርግ ጊዜ ጋውን የለበሰ ሰው ማለት መንግሥት የመደበው ሰው ነው፣ ወይ ጎሬ ወይ ቀብሪደሃር ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ ጋውን ለብሶ ወደ ቤቱ ተመልሶ ካርቱን ሚያይ ሰው አይታ አታውቅም።

"አንደኛ ክፍል ተመደበች" አላት ልጇ።

"ደሞዙስ እንዴት ነው?"

"ምከፍለው እኔ ነኝ።"

አክስቴ ትንሽ አሰበች። "ኧረ ይሄስ ምደባ አይደለም" አለች።

ወደ ካርዱ ልመለስ፣ ዋናው ጉድ እሱ ነው። ጎረቤቴ ልጁ 4ኛ ክፍል ናት፣ ካርዷን ይዞ ቤቴ መጣ፣ ፊቱ ላይ ሐዘን። አማካይ 98.6። "እንኳን ደስ ያለህ!" ብዬ ልስመው ስል "ደረጃውን እየው" አለኝ። 14ኛ። ክፍሉ ውስጥ 32 ልጅ ነው ያለው፣ አንደኛ የወጡት ብቻ ስድስት ናቸው፣ አንደኛ ሚለውን ለመሸለም መድረኩ ጠቧቸው በሁለት ዙር ነው የወጡት አለኝ። አብረን ካርዱን መረመርን፣ ሒሳብ 100፣ አማርኛ 99፣ አካባቢ ሳይንስ 100፣ ክወናና እይታ ጥበባት 100፣ የጣላት ግብረ ገብ ነው፣ 94። አባት እንቅልፍ አጣ፣ ሒሳብ ቢሆን አስጠኚ ይቀጠራል፣ ግብረ ገብ ላይ 6 ማርክ የጎደለባት ልጅ ምን አርጋ ነው? ማንን ሰድባ ነው? መምህሩ ጋ ሄዶ ጠየቀ፣ መልሱ "ደብተሯን አልሸፈነችም" ሆነ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ይሄ ሁሉ 98 ያመጣ ልጅ ሲያድግ የት ነው ሚገባው? የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዶ መሰጠት ሲጀምር የ2014 ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እና እናንተ ሆዬ፣ 4ኛ ክፍል ላይ መድረክ ሚያጣብብ አንደኛ፣ 12ኛ ላይ ከመቶ ሦስት፣ ቢበዛ ስምንት ሰው፣ በመሃል ያለውን ሕዝብ ምን ዋጠው?

እኔ ምለው፣ የዋጠው ነገር የለም፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም። የግል ትምህርት ቤት ያውቃል፣ ልጁ 71 ካመጣ ወላጅ ልጁን ቁጭ አርጎ አያስጠናም፣ ትምህርት ቤት ይቀይራል። ስለዚ ማርኩ የደንበኛ አገልግሎት ነው። ለደብተር 10፣ ለክላስ አቴንዳንስ 5፣ ለተሳትፎ 10፣ ለግሩፕ ወርክ 10፣ ለፕሮጀክት 15፣ ፕሮጀክቱን ደሞ ማን እንደሚሠራው እናውቃለን፣ ማታ በ4 ሰዓት ኢንጂነሩ አባት ከካርቶንና ከኮላ የሶላር ሲስተም ሲገጥም፣ ልጁ ተኝቷል፣ እናትየው "ጁፒተር ትልቅ ነው እንዴ?" እያለች ጉግል ታረጋለች። በማግስቱ አባት 15ቱን ይደፍናል። ታዲያ ያ 98.6 የማን ውጤት ነው? ጎረቤቴ የደበረው ለካ 14ኛ የወጣው ራሱ ስለሆነ ነው።

ሐቁ ትንሽ ብቅ ሚለው 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፣ ፈታኙ ሌላ፣ አራሚው ሌላ፣ ፕሮጀክት የለ ካርቶን የለ። ውጤት ተለቀቀ የተባለ ዕለት ሊንኩ አይከፍትም፣ ወላጅ ሁሉ ቢሮ ሥራ ትቶ የልጁን መለያ ቁጥር እያስገባ ሪፍሬሽ ሪፍሬሽ፣ በመጨረሻ ሲከፍትለት "ሲስተሙ ተሳስቷል" ይላል። ሲስተሙ ዓመቱን ሙሉ ሲሳሳት ኖሮ ያን ቀን ብቻ ነው ልክ የሆነው።

ደሞ ሚገርመኝ ካርድ ለመቀበል ፊርማ አለ። ከካርዱ በፊት የወላጅ ስብሰባ ይጠራል፣ በር ላይ "የመገኘት ፊርማ" ይባልና ትፈርማለህ፣ ገብተህ ውሃና ብስኩት ትወስዳለህ፣ ዳይሬክተሩ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መምህራን ደሞዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ ይናገራሉ፣ እንባ እስኪመጣህ ድረስ ነው ሚያሳዝኑህ፣ ከዛ የቀጣዩ ዓመት ጭማሪ ይነገርሃል። ጮኸህ፣ ተከራክረህ፣ ሌላው አባት ጠረጴዛ መትቶ፣ "እንደማንስማማ ቃለ ጉባኤ ይያዝ!" ተብሎ ትበተናለህ። ሐምሌ ላይ ስትሄድ ጭማሪው በወላጆች ሙሉ ስምምነት ጸድቋል፣ ማስረጃው ተለጥፏል፣ ፊርማህ ሦስተኛ መስመር ላይ፣ ቆንጆ አርገህ ነው የፈረምከው።

ትምህርት ቤቱ አርብ ዕለት ተዘጋ። ሰኞ የክረምት ትምህርት ተጀመረ፣ ባትልከው እኮ ይቻላል፣ አማራጭ ነው ተብሏል፣ "ነገር ግን ያልተከታተሉ ተማሪዎች ለቀጣዩ ክፍል ሊቸገሩ ይችላሉ" ሚል መስመር ከስር አለች። 98.6 ያመጣ ልጅ ምን ያቸግረዋል ብሎ ጎረቤቴ ቢጠይቅ "ለማጠናከሪያ ነው" አሉት። አጠናከረ፣ ከፈለ።

የዛኑ ሳምንት የቴሌግራም ግሩፑ ስም ከ"4ኛ ቢ ወላጆች" ወደ "5ኛ ቢ ወላጆች" ተቀየረና የመጀመሪያው መልዕክት ገባ። "ውድ ወላጆች፣ እንኳን ልጆቻችሁ ተዛወሩላችሁ፣ ለመስከረም ሚያስፈልጉ ነገሮች" ብሎ ይወርዳል፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ባለ 100 ሉክ ደብተር፣ የደብተር መሸፈኛ (ጎረቤቴ እዚች ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረባት)፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንድ ደርዘን ሶፍት፣ ሁለት ደስጣ ወረቀት። በየልጁ ሁለት ደስጣ፣ በ32 ልጅ ስታባዛው ጋዜጣ ማተም ይቻላል።

ያ 312 ብር የቀረው አባት ነው የጻፈው፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰው። "ሚስ፣ አምና ያመጣነው ወረቀት አልቆ ነው?"

ሦስት ሰው ልብ ሰጠው። አራተኛው "እኔም ልጠይቅ ነበር" ብሎ መጻፍ እንደጀመረ ከላይ "እየጻፈ ነው" ሲል ይታያል፣ ወዲያው ግሩፑ ተዘጋ፣ ከአሁን ጀምሮ መልዕክት ማስተላለፍ ሚችለው አድሚን ብቻ ነው።