«ጾም ነው ወይስ ፍስክ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ

ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ሰሞን፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገብተን በያይነቱ አዘዝን። ልጄ የሰሊጥ አለርጂ ስላለባት ሰሊጥ ፈጽሞ እንደማይስማማት ለአስተናጋጁ በግልጽ ነገርኩት። ወጣቱ በትሕትና «አያስቡ እናቴ፣ ሁሉም የጾም ነው፤ ምንም የለበትም» አለኝ። ትሪው ሲመጣ መሐሉ ላይ የነበረው ነጣ ያለ ፍትፍት ስላጠራጠረኝ ወጥ ሠሪዋን አስጠራሁ። እሳቸውም ሳይሸሽጉ «ሱፍ ነው፤ እንዲጣፍጥ ብዬ ግን ትንሽ ሰሊጥ ጨምሬበታለሁ» አሉኝ። ልጄ ገና እጇን አልሰነዘረችም ነበር።

ያን ቀን ማንም አልዋሸንም። አስተናጋጁ «አይስማማትም» ያልኩትን የሰማው በአገራችን በተለመደው ትርጉሙ ነው። ጨጓራውን የሚያመው ሰው በርበሬ አይስማማኝም ይላል፤ ሆዱን የሚነፋው ሽሮ አይስማማኝም ይላል፤ ሽታውን የሚጠላውም ያንኑ ቃል ይጠቀማል። የልጄ ችግር ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሰውነቷ በሰሊጥ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ስለሚቆጣ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጉሮሮዋ ሊያብጥ፣ ትንፋሽ ሊያጥራትና የደም ግፊቷ ሊወርድ ይችላል። ፈጥኖ የሚደርስላት የአድሬናሊን መርፌ ነው። በምንኖርባት ለንደን ይህ መርፌ፣ ብዙዎች ኤፒፔን የሚሉት፣ ሁለት ሁለቱ በቦርሳዋ አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በጠየቅኳቸው ፋርማሲዎች አላገኘሁትም። መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከወጥ ቤቱ መሆን አለበት።

በምኖርባት እንግሊዝም ጥንቃቄው ከጥንት የነበረ አይደለም፤ በሰው ሕይወት የተገዛ ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር ጀምሮ ማንኛውም ምግብ ቤት ሰሊጥን፣ ለውዝን፣ ወተትን፣ እንቁላልን፣ ስንዴን፣ ሰናፍጭን ጨምሮ ስለ 14 የአለርጂ መነሻዎች ለተመጋቢ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። ናታሻ ኤድናን ላፔሩዝ የተባለች የ15 ዓመት ልጅ በ2016 ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በገዛችው ሳንድዊች ሊጥ ውስጥ በነበረ፣ በማሸጊያው ላይ ግን ባልተጻፈ ሰሊጥ ሞተች። አባቷ በረራው ላይ ሁለት መርፌ ቢወጋትም አልተረፈችም። በወላጆቿ ትግል የወጣው በስሟ የሚጠራው ሕግ ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሚሸጥበት ቤት ተዘጋጅቶ እዚያው ታሽጎ የሚቀርብ ምግብ ሁሉ ሙሉ ይዘቱ እንዲጻፍበት አስገደደ። በ2017 ደግሞ ኦወን ኬሪ 18ኛ ዓመት ልደቱን ሊያከብር ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ፣ አለርጂ እንዳለበት ለአስተናጋጆቹ ተናግሮ፣ በአሬራ ተዘፍዝፎ የቆየ ዶሮ ቀረበለት። ምናሌው ስለ አሬራው አንዳች አይልም ነበር፤ ወጣቱም በዚያው ዕለት ሞተ። ቤተሰቦቹ መረጃው በቃል ብቻ ሳይሆን በምናሌው ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ሕግ እንዲወጣ እስከ ዛሬ ይሟገታሉ።

ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሲሊያ ማርሽ ታሪክ ይመስለኛል። የወተት አለርጂ የነበረባት ይህች የአምስት ልጆች እናት በ2017 ባዝ ከተማ ውስጥ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ተብሎ የተሸጠ ምግብ በልታ ሞተች፤ በውስጡ የነበረው እርጎ መሰል ነገር በወተት ፕሮቲን ተበክሎ ነበር። «የጾም ነው» የሚለው ቃላችን ልክ እንደዚህ ነው። የሚናገረው ስለ ቅቤና ስለ ሥጋ ብቻ ነው። አዚፋ ውስጥ ሰናፍጭ አለ፤ ስልጆም ያለ ሰናፍጭ ስልጆ አይሆንም። ካፌዎቻችን የሚያቀርቡት የለውዝ ሻይ የጾም ነው፤ የለውዝ አለርጂ ላለበት ሰው ግን ከዚያ የከፋ መጠጥ የለም። ሽሮውና በርበሬው የሚፈጩበት የሰፈር ወፍጮም ቀደም ብሎ ምን እንደተፈጨበት የሚጠይቅ የለም።

ይህን የምጽፈው አገሬን ከእንግሊዝ አሳንሼ ለማሳየት አይደለም። እንዲያውም መለየትን በተመለከተ የእኛ ወጥ ቤት ከብዙዎቹ የለንደን ወጥ ቤቶች የተሻለ ልምድ አለው። እናቴ የጾም ድስት ለብቻ ነበራት፤ ቅቤ የነካ ጭልፋ በዐቢይ ጾም ወደ ምስር ወጥ አይገባም ነበር። አንዲት ወጥ ሠሪ ድስቱ ተቀላቅሎባት ከሆነ በጾመኛው ፊት ከማቅረብ ይልቅ ወጡን ትደፋዋለች። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤትም ቢላውና መክተፊያው ሳይቀር እንደተለየ ኖሯል። የለንደን አስተናጋጅ በሥልጠና የተማረውን ነገር እኛ በእምነት ስናደርገው ቆይተናል። የጎደለን የጾመኛውን ያህል የታማሚውንም ጥያቄ ከልብ መስማት ነው። አስተናጋጅ «ጾም ነው ወይስ ፍስክ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ «አለርጂ ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ቢያስከትል የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። መልሱን ካላወቀም ከመገመት ይልቅ ወጥ ሠሪዋን ቢጠይቅ፣ እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ ደግሞ «ይህን ለእርስዎ ማቅረብ አንችልም» ቢል እኔ በበኩሌ አመሰግነዋለሁ። ለንደን ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ተመልሰናል፤ ልጄም መከፋቷን ትታዋለች።

የሚከብደው ፍቅራችን ነው። ዘመድ ቤት «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልሽም፣ በሞቴ» ተብሎ የሚዘረጋውን ጉርሻ አንድ ልጅ እንዴት ትመልሰው? ከአንድ ትሪ መብላትም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሰሊጡን ፍትፍት የነካ እጅ ወደ ጎመኑ ይሄዳልና። በዚህ ጉዞ አክስቴ ለልጄ የራሷን ትሪ ለብቻዋ ሲያቀርቡላት «ከሰው ለየኋት» ብለው እንባ ተናነቃቸው። መለየቱ ማራቅ እንዳልሆነ ለማስረዳት ያን ሁሉ ምሽት ፈጅቶብኛል።

በውጭ ያለን ባለ ምግብ ቤቶችም ነጻ አይደለንም። ጤፍ ግሉተን የሚባለው በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የለውም እያልን በኩራት እንናገራለን፤ ለንደን ውስጥ ከሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙው ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት ነው። ይህ ፕሮቲን አንጀቱን የሚጎዳው ደንበኛ የስማችንን ዝና አምኖ ሲበላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊታመም ይችላል። ከ14ቱ የአለርጂ መነሻዎች አንዱ የሆነውና ጎጃሞች የሚያውቁት ግብጦ በእንግሊዝ ምናሌ ላይ ሲጠቀስ እንኳ የራሳችን እህል መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ወደ ለንደን ከመመለሳችን በፊት ወደዚያው የአዲስ አበባ ምግብ ቤት ድጋሚ ሄድን፤ የመረጠችው ልጄ ናት። ወጥ ሠሪዋ ከሩቅ አይተው አወቋት። በመጀመሪያው ቀን ቢበላ ምን እንደሚያደርጋት በዝርዝር ጠይቀውኝ፣ ስነግራቸው እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው ነበር። አሁን አዲስ ሱፍ ለብቻው ወቅጠው በትንሽ ሳህን ይዘው መጡና ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጎንበስ ብለው «ሙቀጫውን አጥቤዋለሁ፤ ጭልፋውንም ለይቻለሁ፤ ሌላ የሚያስፈራሽ ነገር አለ ልጄ?» አሏት።