«ተፈጸመ» ከማለታችን በፊት

ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የሶርያው የበሽር አል-አሳድ መንግሥት ሲወድቅ ዩቲዩቡም ቴሌግራሙም በኢሳይያስ 17 ተጥለቀለቀ። ደማስቆ ከተማ መሆኗ ይቀራል፣ ባድማ ትሆናለች የሚለው ቃል «ይኸው ተፈጸመ» ተባለ። የወደቀው ግን መንግሥቱ ነው። ከተማዋ እዚያው አለች፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሲጨፍር ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ኢሳይያስ የተናገረው በዘመኑ ስለነበረችው ደማስቆ ነው። እሷን ደግሞ የአሦር ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ732 ያዛት፤ ንጉሧን ረአሶንንም ገደለው። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም፣ ሁለተኛ ነገሥት 16ን መግለጥ ይበቃል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የጥንቷ የባሕር ዳር ከተማ የጢሮስ ነገር ነው። ሕዝቅኤል 26 ላይ የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር በፈረስና በሠረገላ መጥቶ ቅጥሯን ያፈርሳል፣ ሀብቷን ይዘርፋል፣ ቦታዋም የመረብ ማስጫ ይሆናል ይላል። ናቡከደነፆርም መጣ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ እንደጻፈው 13 ዓመት ከበባት። ችግሩ ዋናዋ ጢሮስ ደሴት ላይ መሆኗ ነው። እሱ ወታደር አለው፣ እሷ ግን መርከብ አላት።

ከዚያ ምዕራፍ 29 ይመጣል። ወታደሮቹ ሸክም ከመሸከም ብዛት ራሳቸው ተመልጧል፣ ትከሻቸው ተልጧል። ግን ከጢሮስ ደመወዝ አላገኙም፤ ስለዚህ በምትኩ ግብጽ ደመወዛቸው ትሆናለች ይላል። ልብ በሉ፣ ይህን የጻፈው ከሃዲ አይደለም፤ ራሱ ሕዝቅኤል ነው። የፊተኛውን ምዕራፍ መሰረዝ ይችል ነበር። ሁለቱንም ተዋቸው። የእኛ ዘመን ተርጓሚ ቀኑ ሲያልፍበት ቪዲዮውን አጥፍቶ ሌላ ይለጥፋል።

«እስክንድር ፈጽሞታል» የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 በየብስ ላይ የነበረውን የአሮጌውን ከተማ ፍርስራሽ ባሕር ውስጥ ጨምሮ መንገድ ሠራ፣ በሰባት ወርም ደሴቲቱን ያዘ። ሕዝቅኤልም ድንጋይሽንና እንጨትሽን በውኃ ውስጥ ይጥላሉ ብሎ ነበር። ይሁንና ከተማዋ መልሳ ተነሣች። ጌታ ወደ ጢሮስ አገር ሄዷል፤ ጳውሎስም እዚያ ከደቀ መዛሙርት ጋር ሰባት ቀን ተቀምጧል።

ታዲያ ትንቢቱ ምንድን ነው? ኤርምያስ 18 በግልጽ ይናገራል፦ ይፈርሳል የተባለ መንግሥት ከክፋቱ ቢመለስ እግዚአብሔርም ያሰበውን ይተዋል። ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ የአውቶቡስ ሰዓት ሰሌዳ አይደለም። ነነዌ በአርባ ቀን ትገለበጣለች ተባለ፣ አልተገለበጠችም፤ እኛም በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው ይህን እያሰብን ነው። በዚህ የተናደደው ዮናስ ብቻ ነበር። ከከተማው ውጭ ዳስ ሠርቶ ጥፋቱን ለማየት ተቀመጠ። ብዙ የትንቢት ሰባኪዎቻችንን ሳይ ያ ዳስ ነው ትዝ የሚለኝ።

ጢሮስ ዛሬ ሱር ትባላለች፣ ደቡብ ሊባኖስ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2024 እስራኤል በአየር ስትደበድባት ሊባኖስ ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን መጠጊያ አጥተው ጎዳና ላይ አድረዋል። በዚህ መሀል «ሕዝቅኤል እየተፈጸመ ነው» ብሎ ደስ ለሚለው ሰው የምለው አጭር ነው፦ መጀመሪያ ምዕራፍ 29ን ያንብብ፣ ከዚያ እዚያ ዘመድ ካለችው ይደውልላት።