ማዕከሉ ሲጠፋ ማሽኑ ምን ያደርጋል?

ትኬት የሚቆርጡ፣ የበረራ ይለፍ የሚያትሙ፣ የወረፋ ቁጥር የሚሰጡ ወይም ክፍያ የሚቀበሉ የራስ አገልግሎት ማሽኖችን ለመግዛት የሚነሳ ተቋም ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው ስለ ስክሪኑ ስፋት፣ ስለ ሣጥኑ ቅርጽና ስለ ዋጋው ነው። ማሽኖቹን የሚያሠራውና ከርቀት የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር በጨረታ ሰነዱ ላይ «ከማዕከል መቆጣጠር የሚያስችል» ከምትል አንዲት ሐረግ ብዙም አያልፍም። ሻጩም የሚያሳየው የታወቀ ነው፤ በካርታ ላይ የተበተኑ አረንጓዴ ነጥቦችና ማሽኑን ከቢሮ ሆኖ አጥፍቶ የሚያስነሳ አዝራር። በእኔ እምነት ግን የዚህ ሶፍትዌር ጥራት ሊለካ የሚገባው ማዕከሉ ማሽኑን ምን ያህል ማዘዝ እንደሚችል በማየት ሳይሆን፣ የማዕከሉ ትእዛዝ በማይደርስበት ወይም በተሳሳተበት ሰዓት ማሽኑ ራሱን ችሎ ምን እንደሚያደርግ በመጠየቅ ነው።

ነጥቡ አረንጓዴ የሚሆነው ማሽኑ ውስጥ ከጀርባ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም በየጊዜው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ወደ ሰርቨሩ ስለሚልክ ነው። ያ ፕሮግራም መሥራቱ ግን ተገልጋዩ ፊት ያለው ስክሪን አለመድረቁን አያረጋግጥም። ደረሰኝ የሚያወጣውን ቴርማል ፕሪንተር እንውሰድ። የዚህ ፕሪንተር ወረቀት በሙቀት የሚጠቁረው ኬሚካል የሚቀባው በአብዛኛው በአንድ ገጹ ብቻ ነው። ጥቅልሉን የቀየረው ሠራተኛ ገልብጦ ከጨመረው ሴንሰሩ ወረቀት መኖሩን ይናገራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ መቁረጫው ይቆርጣል፣ ወደ ማዕከሉም አንድም የስህተት መልእክት አይሄድም፤ ከፍሎ የቆመው ሰው እጅ የሚገባው ግን ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ነው። ይህን ብልሽት የሚያጋልጠው ሌላ ዓይነት ቁጥር ነው፤ አገልግሎት ከጀመሩት ሰዎች ስንቶቹ ጨረሱ፣ «ድጋሚ አትም» የሚለው ስንት ጊዜ ተነካ፣ በዚህ ሰዓት በወትሮው ሰው የሚበዛበት ማሽን ዛሬ ለምን ዝም አለ የሚለው። እነዚህን እየቆጠረ እያንዳንዱን ማሽን ከራሱ የቀድሞ ልማድ ጋር የሚያነጻጽር ሶፍትዌር ነጥቦችን በካርታ ላይ ከሚደረድረው እጅግ ይሻላል። ለገዢ ለማሳየት ግን ካርታው ይቀላል፤ ስለዚህም በማሳያው ላይ የሚቀርበው እሱ ነው።

ስክሪኑን በአንድ ፕሮግራም ላይ መቆለፍ ዛሬ ልዩ ሙያ አይጠይቅም። ዊንዶውስ ከ8.1፣ አንድሮይድ ከ5.0፣ የአይፓዱ ሲስተም ደግሞ ከአይኦኤስ 6 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን መቆለፊያ ይዘው ይመጣሉ፤ ይህንኑ ብቻ ይዞ ለሚቀርብ ሻጭ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም። ቁም ነገሩ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ከሥሩ ምን ይገኛል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የስዊዘርላንድ የደኅንነት ድርጅት ይፋ ባደረገው ግኝት መሠረት፣ በአንድ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ማሽን የስም መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ነጠላ የጥቅስ ምልክት (') ሲጻፍ ፕሮግራሙ ይደርቅ ነበር። ስክሪኑ እንደገና ሲነካ ዊንዶውስ «ልጠብቅ ወይስ ልዝጋው?» ብሎ ተገልጋዩን ይጠይቃል፤ ይዘጋ ሲባል ዴስክቶፑ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ ወዲያ በማሽኑ ውስጥ ያለው የእንግዶች መረጃ በዴስክቶፑ ፊት ለቆመው ሰው የተጋለጠ ነው። እንደ O'Brien ያለ፣ ይህ ምልክት በመደበኛ ስማቸው ውስጥ ያለ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም፤ በሩን ለመክፈት ሰርጎ ገብ መሆን እንኳ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከፕሮግራሙ ሥር ዴስክቶፕ የሚባል ነገር ጨርሶ እንዳይኖር ማድረግ፣ የወደቀውን ፕሮግራም ወዲያው የሚያስነሳ ጠባቂ ማኖር፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ከደረቀም ዋችዶግ የሚባለው የሃርድዌር ሰዓት ቆጣሪ አጥፍቶ እንዲያስነሳው ማዘጋጀት። ለዚህ ሁሉ ከማዕከል የሚመጣ ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም።

ማዕከሉን በተመለከተ ሻጮች የማያነሱት ነገር የርቀት መቆጣጠሪያው ራሱ ለአጥቂ ምቹ በር መሆኑ ነው። ባርናቢ ጃክ የተባለው የደኅንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የብላክ ሃት ጉባኤ ላይ መድረክ ላይ የቆመ ኤቲኤም ብር እንዲተፋ ያደረገው የማሽኑን የርቀት ማስተዳደሪያ ማረጋገጫ አልፎ በመግባት ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ደግሞ ሰርጎ ገቦች ካሴያ የተባለውን የርቀት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ተጠቅመው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ባሰራጩ ጊዜ፣ የስዊድኑ የሱቆች ሰንሰለት ኮፕ የሒሳብ መቀበያዎቹ መሥራት በማቆማቸው 800 ገደማ ሱቆቹን ለመዝጋት ተገድዷል። ሱቆቹን ማንም አልነካቸውም፤ የተነካው እነሱን የሚያስተዳድረው እጅ ነበር። ሺህ ማሽኖችን በአንድ ጠቅታ ማስተካከል የሚቻል ከሆነ፣ በዚያው ጠቅታ ሺዎቹንም ማበላሸት ይቻላል።

ለዚህ ደግሞ የግድ ተንኮለኛ እጅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የክራውድስትራይክ ኩባንያ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ) ሰዓት 04:09 ላይ ለደኅንነት ሶፍትዌሩ የላከው የተሳሳተ ማዘመኛ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አደረገ፤ በየአየር ማረፊያው የሚገኙ ማሳያዎችና የራስ አገልግሎት ማሽኖችም ሰማያዊ ስክሪን ይዘው ቀሩ። ኩባንያው ስህተቱን 05:27 ላይ መልሶታል፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ ጊዜ ነው። ችግሩ ግን የተመታው ኮምፒውተር ገና ሲነሳ ይወድቅ ስለነበር፣ የታረመውን ፋይል ለመቀበል የሚበቃ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ አለማግኘቱ ነበር። ስለዚህ ሰው ወደ ማሽኑ ሄዶ፣ ሴፍ ሞድ በሚባለው፣ አስፈላጊው ብቻ በሚሠራበት ሁኔታ አስነስቶ፣ ፋይሉን በእጁ ማጥፋት ነበረበት፤ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መረጃ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ማስገባት ይጠበቅበታል። ይህ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ላለ ኮምፒውተር አድካሚ ነው፤ ኪቦርድ ለሌለውና በብረት ሣጥን ውስጥ ለተቆለፈ፣ ቁልፉም በሌላ ከተማ በሚኖር ቴክኒሺያን ኪስ ውስጥ ላለ ማሽን ምን ማለት እንደሆነ መገመት ይቻላል። የርቀት አስተዳደር የተገዛው ይህን ጉዞ ለማስቀረት ነበር።

ከዚህ የሚወጣው መስፈርት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ማዘመኛ በአንድ ጊዜ ለሁሉም እንዳይላክና መጀመሪያ ጥቂት ማሽኖች ተቀብለውት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሲያገለግሉ ከታየ በኋላ ብቻ እንዲሰፋ፣ ይህም በሠራተኛ መልካም ፈቃድ ላይ ከመመሥረት ይልቅ በሶፍትዌሩ ውስጥ የታሰረ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ማሽኑ የሲስተሙን ሁለት ቅጂ እንዲይዝ ነው፤ አዲሱ ከተነሳ በኋላ በትክክል መሥራቱን ካላረጋገጠ ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ አሠራር አንድሮይድ 7.0 እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ ጊዜ ጀምሮ በስልኮች ላይ ያለ ነው፤ ከስልክ ብዙ ዕጥፍ ዋጋ ያለው የትኬት ማሽን ይጎድለው ዘንድ የሚያበቃ ምክንያት የለም።

ኔትወርክ ሲቋረጥም ጥያቄው ያው ነው። ጥሩ ሶፍትዌር ያለ ኔትወርክ ሊሠራ የሚችለውን፣ ለምሳሌ የወረፋ ቁጥር መስጠትን፣ ይቀጥላል፤ የማይችለውን፣ ለምሳሌ በካርድ ክፍያ መቀበልን፣ ተገልጋዩ ምርጫውን ሁሉ ጨርሶ ካርዱን ከማስገባቱ አስቀድሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይናገራል። መጥፎው ሶፍትዌር ሰውዬውን የሚዞር ክብ ምልክት ፊት አቁሞ፣ ገንዘቤ ሄዷል ወይስ አልሄደም እያለ እንዲጨነቅ ይተወዋል።

በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን በጥቂት ቴክኒሺያኖች የሚያስተዳድር ድርጅት ያለ ርቀት መቆጣጠሪያ መንቀሳቀስ እንደማይችል አይካድም፤ እኔም ይወገድ አልልም። ዋጋ መቀየር፣ ማስታወቂያ መስቀል፣ የብልሽት መዝገብ መሰብሰብ ከማዕከል ቢሆን ይመረጣል። ማሽንን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ፣ ሲስተሙን የሚቀይር ወይም ገንዘብ የሚያወጣ ትእዛዝ ግን በአንድ ሰው የይለፍ ቃል ብቻ መፈጸም የለበትም። በተለይ የሚያሳስበኝ የማሽኑን ስክሪን በቀጥታ ከርቀት የማየት አገልግሎት ነው። ለጥገና ጠቃሚ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ፊት የቆመው ሰው የመታወቂያ ቁጥሩን ወይም የሕመሙን ዓይነት እየጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ዓይን እያየው መሆኑንም አያውቅም። ሶፍትዌሩ ይህን ዕይታ አገልግሎት በመስጠት ላይ ባለ ማሽን ላይ መከልከል ወይም ቢያንስ ስክሪኑ ላይ በግልጽ ማሳወቅ አለበት።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር መነሳት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው፣ ማሽኖች ለአካል ጉዳተኞችም እንዲያመቹ የሚያስገድደው የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ከዚያ በፊት ሥራ ላይ የነበሩ የራስ አገልግሎት ማሽኖች ሥራ ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ እስከ 20 ዓመት ድረስ እንዳሉ እንዲቆዩ አባል አገሮች ሊፈቅዱ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ዊንዶውስ 10 በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ብረቱ ከሲስተሙ ዕጥፍ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህም ውሉ ከሲስተሙ ዕድሜ በኋላ ማን በምን ወጪ እንደሚቀይረው፣ ሻጩ ከገበያ ቢወጣ ደግሞ ማሽኖቹ በሌላ ማዕከል ሥር ሊገቡ ይችሉ እንደሆነ ካልተናገረ ገዢው ያልተጻፈ ዕዳ ፈርሟል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ማስማማት ስለሚቀል፣ ርክክቡ በማሽኑ ፊት ቢፈጸም እመርጣለሁ። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት የገዢው ቴክኒሺያን የኔትወርክ ገመዱን ይንቀል፤ ማዘመኛ በመጫን ላይ ሳለ መብራቱን ያቋርጥ፤ የሚሠራውን ፕሮግራም ይግደል፤ የፕሪንተሩን ወረቀት ገልብጦ ይጨምርና ማዕከሉ ከስንት ተገልጋይ በኋላ እንደሚነቃ ይቁጠር። ሻጩ በዚህ ጊዜ ሁሉ ኪቦርዱን እንዲነካ አይፈቀድለት።