«በኦሪጅናሉ እንዲህ አልነበረም» ለሚሉት ክቡር ወዳጃችን

ይድረስ ለክቡር የካርቱን ታሪክ ተቆጣጣሪ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ማብራሪያ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ሪሞቱ ነው። የድሮ ካርቱን እንደ አዲስ ተሠርቶ በተከፈተ ቁጥር ሪሞቱ በምን ተአምር እርስዎ እጅ እንደሚገባ ሊገባኝ አልቻለም። የመግቢያው ዘፈን እንኳ ሳያልቅ ያቆሙታል። «ቆይ ቆይ! ይሄ እኮ በኦሪጅናሉ እንዲህ አልነበረም!» ልጆቹ ወደ እርስዎ ዞረው ያያሉ። ስክሪኑ ላይ አንድ ኤሊ አፉን ከፍቶ ደርቋል። ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል፦ የጭምብሉ ቀለም፣ የመምህሩ የዘር ሐረግ፣ መሪው በእውነት ማን እንደሆነ፣ ኮሚኩ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረከው መጽሔት፣ ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚል። ኤሊው አሁንም አፉን እንደከፈተ ነው።

ትጋትዎን አላጣጥልም። እንዲህ ያለ የማስታወስ ችሎታ ለሌላ ነገር ቢውል የት በደረስን ነበር። ግን እንደዚህ «ኦሪጅናሉ፣ ኦሪጅናሉ» ካሉ ዘንድ፣ በፈቃድዎ አንድ ጊዜ ወደዚያው አብረን እንሂድ። የኒንጃ ኤሊዎቹን መዝገብ እንክፈት፤ እርስዎ አብዝተው የሚያዝኑት በነሱ ነውና።

ኦሪጅናል የሚሉት የ1987ቱን ካርቱን ነው፣ አይደል? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አራት ኤሊ፣ አራት ቀለም፣ ፒዛ በፒዛ፣ ቢጫ ቱታ የለበሰች ጋዜጠኛ። እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ኤሊዎቹ የተወለዱት ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ በ1984 ኬቨን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ ባሳተሙት ጥቁርና ነጭ ኮሚክ። እዚያ ውስጥ ቀለም በሚገባበት ቦታ ሁሉ የአራቱም ጭምብል ቀይ ነው። ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው በያዘው መሣሪያ ነው። ኤፕሪል ኦኒል ደግሞ ጋዜጠኛ አልነበረችም፤ የሳይንቲስቱ የባክስተር ስቶክማን ረዳት ነበረች። የኤሊዎቹ መምህር ስፕሊንተርም ሰው ሆኖ አያውቅም። ሃማቶ ዮሺ የሚባል የኒንጃ ባለሙያ ቤት የሚኖር አይጥ ነበር፤ ጥበቡንም የተማረው ጌታው ሲለማመድ እያየ ነው። ካርቱኑ መጣና አይጡን ራሱን ሃማቶ ዮሺ አደረገው። አይጥና አሳዳሪው አንድ ሰው ሆነው አረፉት! ከዚህ የባሰ ለውጥ ካገኙ ይጻፉልኝ።

የኤሊዎቹ ዋና ጠላት ሽሬደርስ? ዓመት እስከ ዓመት ሲፎክር የምናውቀው ሽሬደር በኮሚኩ ገና በመጀመሪያው እትም ላይ ይሞታል። በመጀመሪያው! በኋላ ኮሚኩም ቢሆን መልሶ አምጥቶታል፤ ግን ጠላትን በመጀመሪያው ቀን ገድሎ መጀመር የእርስዎ ካርቱን የሚያውቀው ጠባይ አይደለም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ያ እንደ ዓይንዎ ብሌን የሚጠብቁት ካርቱን ራሱ እንደ አዲስ የተሠራ ነበር። ትንሽ ቀደም ብለው ተወልደው ኮሚኩን አንብበው ቢሆን ኖሮ፣ በ1987 ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው «ጨለማውን ታሪክ የሕፃን ጨዋታ አደረጉት!» እያሉ ይጮሁ ነበር። እንዲያውም ያኔ የርስዎ ታላላቆች እንደዚያ ሳይሉ የቀሩ አይመስለኝም።

አንዲት ነገር ደግሞ በዝምታ ላልፋት አልችልም። በ2018ቱ ካርቱን ኤፕሪል ጥቁር ሆና ስትመጣ እንቅልፍ አጡ። «እኔ እኮ ሌላ ነገር የለኝም፤ ታሪኩ እንዲከበር ብቻ ነው» አሉ። ጥሩ። ባክስተር ስቶክማን በኮሚኩ ጥቁር ነበር። በ1987ቱ ካርቱን ነጭ ሆኖ መጣ፤ ቆይቶም ዝንብ ሆነ። ስለዚህ ጉዳይ ያሰሙት ተቃውሞ እስካሁን አልደረሰኝም። መንገድ ላይ ይሆናል።

ሲጨንቅዎ ደግሞ ወደ ኮሚኩ ይሸሻሉ። ካርቱኑን ተከትሎ ወደሚታተመው ማለቴ ነው። ካርቱኑ ውስጥ አንድ ነገር አልገጥም ሲል ፈገግ ብለው፣ «እሱ እኮ ኮሚኩ ላይ ተብራርቷል» ይላሉ። የትኛው ኮሚክ ላይ? በ1988 አርቺ የሚባለው አሳታሚ ማውጣት የጀመረው የኤሊዎቹ ኮሚክ መጀመሪያ የካርቱኑን ክፍሎች ይገለብጥ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ፤ ካርቱኑን ዞር ብሎም አላየው።

ትራንስፎርመርስ፣ እነዚያ ወደ መኪናና ወደ ሌላም ነገር የሚለወጡት ሮቦቶች ላይማ ጉዱ ሌላ ነው። ካርቱኑም የማርቭል ኮሚኩም የጀመሩት በዚያው በ1984 ነው። ሁለቱም የሚያስተዋውቁት ያንኑ አሻንጉሊት ነው። በካርቱኑ ሮቦቶቹን የሠሯቸው ኩዊንቴሰን የሚባሉ ክፉ ፍጡራን ናቸው። በኮሚኩ የፈጠራቸው ፕራይመስ የሚባል አምላክ ነው። አንድ ወገን የፋብሪካ ዕቃ ናችሁ ይላቸዋል፣ ሌላው የአምላክ ፍጡር ናችሁ ይላቸዋል። በዚህ ላይ እንኳ ያልተስማሙ ደራሲዎች፣ እርስዎ ትናንት ማታ ስለተከራከሩበት የትከሻ ቀለም የሚስማሙ ይመስልዎታል?

የደጎቹን ሮቦቶች መሪ የኦፕቲመስ ፕራይምን ሞት ይመልከቱ። በ1986ቱ ፊልም ከክፉዎቹ መሪ ከሜጋትሮን ጋር ተዋግቶ፣ ቆስሎ፣ ልጆች ሁሉ እያለቀሱ ሞተ። በዚያው ሰሞን በኮሚኩ ላይም ሞተ፤ ግን በቪዲዮ ጌም ምክንያት! የተሸነፈው ይጥፋ ተባብለው ጌም ገጠሙ። ፕራይም አሸነፈ። ነገር ግን ጌሙ ውስጥ ያሉ ምናባዊ ነዋሪዎች በእሱ ምክንያት ስለሞቱ «ማጭበርበር ነው፣ ተሸንፌያለሁ» ብሎ ራሱን አስፈነዳ። እኔ ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እርስዎ ግን «ጥልቅ ነው» ይላሉ። ልክ ነዎት ይሆናል። ብቻ ይህንኑ ታሪክ አዲሱ ካርቱን ዛሬ ቢያመጣው ምን እንደሚሉ ሁለታችንም እናውቃለን።

በፊልሙ ለምን እንደገደሉት ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የአሻንጉሊት መደርደሪያ ነው ነገሩ። የድሮዎቹ ለአዲሶቹ ቦታ መልቀቅ ነበረባቸው። ወደ ሥሩ እንውረድ ካልንም፣ እነዚህ አሻንጉሊቶች አብዛኞቹ መጀመሪያ በጃፓን በታካራ ኩባንያ ሲሠሩ በሰው የሚነዱ ማሽኖች ነበሩ። ኦሪጅናሉ ኦፕቲመስ ፕራይም ሾፌር ነበረው፣ ጌታዬ። ሾፌሩ ይመለስልን ብለው ፊርማ ሲያሰባስቡ ግን አላየሁም።

ለውጥ ሁሉ ይባረክ እያልኩ አይደለም። አንድ ካርቱን በራሱ ውስጥ ሲፋለስ፣ በመጀመሪያው ሲዝን ወንድሞች ያላቸውን በሦስተኛው ሲዝን ረስቶ ሲያስተዋውቃቸው፣ እኔም አብሬዎ እጮሃለሁ። ያ የሰነፍ ሥራ ነው። ነገር ግን «ከድሮው ተለየ» እና «ተበላሸ» አንድ አይደሉም። የባትማንን ጠላት ሚስተር ፍሪዝን ያስቡት። በባትማን ኮሚክ ለረጅም ጊዜ የበረዶ መሣሪያ የያዘ ተራ ሌባ ነበር። በ1992 የወጣው ካርቱን የታመመች ሚስት ሰጠው፤ በበረዶ ውስጥ ያቆያት፣ ሊያድናት የሚማስንላት ኖራ። ኮሚኩ ራሱ አይቶ ተቀበለው። ሃርሊ ክዊን የምትባለዋን ገጸ ባሕርይም እንዲሁ ከዚያው ካርቱን ነው የወሰዳት። ያኔ የእርስዎ ቢጤ ሪሞቱን ይዞ «በኦሪጅናሉ ሚስት የለውም!» እያለ ቢያቆመው ኖሮ፣ እርስዎ ዛሬ እንባ የሚያወጡበት ክፍል አይኖርም ነበር።

ደግሞ ያ «ልጅነቴን አበላሹት» የሚሉት። የ1987ቱን ካርቱን ማንም አልሰረዘውም። ቁጭ ብሏል። ከፍተው ማየት ይችላሉ፤ ኤሊዎቹም በለመዱት ቀለም፣ በለመዱት ፒዛ ይጠብቁዎታል። አዲሱ የተሠራው ለእነዚህ ምንጣፉ ላይ ለተቀመጡት ልጆች ነው። ከኤሊዎቹ መሪው ሊዮናርዶ መሆኑ ቀርቶ ራፋኤል መሪ ሆኖ፣ ሊዮናርዶ ቀልደኛ ሆኖ ሲያዩ የሚጎድልባቸው ነገር የለም። የሚያስቸግራቸው አንድ ነገር ቢኖር በየደቂቃው የሚቆመው ስክሪን ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ክፍሉ እስኪያልቅ ይታገሱ። ሲያልቅ ከልጆቹ አንዱ «ስፕሊንተር ድሮ ማን ነበር?» ብሎ ከጠየቀ፣ ወንበር ይሳቡና እስኪበቃው ይንገሩት፤ ኮሚኩን ከካርቱኑ፣ ካርቱኑን ከፊልሙ እያነጻጸሩ። እኔም ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ፤ ሲተርኩ ያምርብዎታል። ካልጠየቀ ግን ዝም ይበሉ። ሪሞቱንም ለትንሿ ልጅ ያስረክቡ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ሰላም ማየት የናፈቀው ተመልካች

ማሳሰቢያ፦ የ2023ቱን የኤሊዎቹን ፊልም ገና ካላዩት ይህን ተቀምጠው ያንብቡ። እዚያ ስፕሊንተር ሃማቶ ዮሺም አይደለም፣ የሃማቶ ዮሺ አይጥም አይደለም። ኩንግ ፉን የተማረው ፊልም እያየ ነው። ውሃ ቢጤ አጠገብዎ ያድርጉ።