በኅዳር ሚካኤል ማኅበር ላይ የተነሣ የብሬግዚት ክርክር

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ደብረ ብርሃን ውስጥ ከማኅበርተኞቻችን በአንዱ ቤት ተሰብስበን ነበር። ካህኑ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ፣ የኅዳር ውርጭ ጋቢያችንን አስከናንቦ ወደ ከሰሉ ምድጃ አስጠግቶን ሳለ፣ የቤቱ ባለቤት ታናሽ እኅት ለበዓሉ ከእንግሊዝ አገር መጥታ ስለነበር ጨዋታው ወደዚያ አገር አመራ። እህል ነጋዴ የሆነ አንድ ማኅበርተኛችን፣ «ከአውሮፓ ኅብረት ከወጡ አለቀላቸው ሲባል አልነበረም? ይኸው አሉ አይደለም እንዴ!» አለ። ከዚህች አንድ ቃል የተነሣ ስለ ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣቷ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ክርክር ተከተለ። የአውሮፓውን ነገር በተመለከተ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ እነርሱው አቆጣጠር ናቸው።

ነጋዴው ማታ ማታ ሬዲዮ የማይለየው ሰው ስለሆነ ባዶ እጁን አልመጣም። የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስቴር በግንቦት 2016፣ ሕዝቡ «እንውጣ» ብሎ ከመረጠ አገሪቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ እንደምትገባና ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ከሥራ ውጪ እንደሚሆን አስጠንቅቆ እንደነበር አስታወሰን። ሰኔ 23 ቀን 51.9 በመቶ የሚሆነው መራጭ «እንውጣ» አለ፤ ድቀቱ ግን አልመጣም፤ እንዲያውም በ2019 ሥራ አጥነቱ ከ4 በመቶ በታች ወረደ። «እነዚህ ሊቃውንት ያኔ ከተሳሳቱ ዛሬ የሚሉትን በምን ላምን?» ሲል ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጣ፣ የዩክሬን ጦርነት የጋዝ ዋጋ ሰቀለ፤ በዚህ ሁሉ የደረሰውን ጉዳት በብሬግዚት ማላከክ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» እንደማለት ነው አለ።

የምጣኔ ሀብት መምህር የሆነው ወዳጃችን «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ጀመረ። የ2016ቱ የአጭር ጊዜ ትንበያ መሳሳቱን አልካደም። ትንበያው መንግሥት የመውጫውን ሂደት ወዲያውኑ ይጀምራል በሚል የተሠራ ሲሆን፣ ሂደቱ የተጀመረው ግን በመጋቢት 2017 መሆኑን፣ በዚያ ላይ የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ቀንሶ ድንጋጤውን ማለዘቡን አስረዳ። ቢሆንም የምርጫው ሌሊት ፓውንድ ከ1.50 ዶላር ተነሥቶ ሲነጋ ወደ 1.32 ገደማ መውረዱን፣ ይህም ከውጭ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ ማስወደዱን ጨመረ። ከዚያም ወደ ነጋዴው ዞሮ፣ «ገብስህ ዘንድሮ ካምናው አላነሰም ብለህ ማዳበሪያ መተውህ አልጎዳኝም ልትል አትችልም። ማስተያየት ያለብህ ማዳበሪያ ካልተወው ከጎረቤትህ ማሳ ጋር ነው» አለው። የመንግሥትን በጀት በገለልተኝነት የሚገመግመው የብሪታንያ ቢሮም የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው፤ ግምቱም አገሪቱ በኅብረቱ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ከምትደርስበት የምርታማነት ደረጃ ጋር ሲነጻጸር በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያህል ዝቅ እንደምትል፣ የወጪና የገቢ ንግዷም 15 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ነው።

ነጋዴው ለዚህ የሰጠው መልስ እስከ አሁን ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም። «የእኔ የጎረቤት ማሳ አጥሩን ተሻግሬ የማየው ነው። የእናንተ የጎረቤት ማሳ ግን የት አለ? ኅብረቱን ያልለቀቀች ሌላ እንግሊዝ አለች ወይ?» አለ። መምህሩ፣ ከመውጣቱ በፊት ኢኮኖሚያቸው ከብሪታንያ ጋር አብሮ ይወጣና ይወርድ የነበረ አገሮችን በማቀናጀት ያችን ሌላ እንግሊዝ በስሌት እንደሚሠሯት መለሰ። መልሱ ትክክል ነው፤ የነጋዴው ጥርጣሬ ግን በዚያ አልጠፋም። ሰው በዓይኑ ያላየውን ማሳ አምኖ «ከሠርኩ» ማለት ይከብደዋል። 4 በመቶ በአንድ ቀን ቢወርድ አገር ይጮኽ ነበር፤ ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ተበታትኖ ጠብ ጠብ ሲል ግን ጎደለብኝ ብሎ አቤት የሚል ሰው አይገኝም።

ነጋዴው የኮሮናን ክትባት ብሪታንያ ቀድማ የፈቀደችው ስለወጣች ነው አለ። መምህሩ ፈቃዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 2020፣ የኅብረቱ ሕግ ገና ሲሠራባት ሳለ በዚያው ሕግ የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጽ መሆኑን ነገረውና በዚህ ላይ ብዙ አልቆዩም።

እስከዚያች ሰዓት እንግዳይቱ ቡና በመቁላት ላይ ስለነበረች ብዙም አልተናገረችም። የምትሠራው ምግብ ነክ ነገሮችን አሽጎ ወደ አየርላንድ፣ ቤልጂየምና ጀርመን በሚልክ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። «እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ በካርቶኑ ላይ የምለጥፈው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር» ብላ ጀመረችና ጭልፋውን አስቀምጣ በጣቶቿ ትቆጥር ገባች። ከጥር 2021 ወዲህ የጉምሩክ መግለጫ፣ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የሥሪት አገር ማስረጃ፣ ቅቤና አይብ ያለበት ከሆነ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ብሪታንያ ከኅብረቱ ጋር ባደረገችው የንግድ ስምምነት መሠረት ቀረጥ የለም፤ ነገር ግን ለአንዲት ካርቶን አይብ የሐኪሙ ክፍያ ከአይቡ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። በአንድ መኪና ላይ የብዙ ድርጅቶች ዕቃ ተቀላቅሎ ስለሚጫን የአንዱ ወረቀት ከተሳሳተ የሁሉም ዕቃ ይቆማል። በመጨረሻም ድርጅቱ ትንንሾቹን ደንበኞች ተወ፤ ከእርሷ ጋር ያሽጉ የነበሩ ሦስት ሴቶችም የሥራ ሰዓታቸው ተቀነሰ። ከአውሮፓ ወደ ብሪታንያ የሚገባው ዕቃ በአንጻሩ ሙሉ ቁጥጥር ሳይደረግበት ቀኑ በየጊዜው እየተራዘመ እስከ 2024 ድረስ መዝለቁ የሥራ ባልደረቦቿን ያበሳጭ እንደነበርም ነገረችን።

«ቀረጥ ከሌለ ታዲያ ምን አቆማችሁ፣ ልጄ?» ብለው በዕድሜ የገፉት የቀድሞው የከባድ መኪና ሹፌር ጠየቁ።

«ወረቀቱ ነው፣ አባባ።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና የአሰብን መንገድ አነሡ። በወጣትነታቸው ረዳት፣ በኋላም ሹፌር ሆነው የታርማበርን ዋሻ አልፈው በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌና በቡሬ በኩል አሰብ እየወረዱ፣ አንዳንዴም የአሰብ ጨው ጭነው ይመለሱ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ ስትለይ መንገዱ ያበቃለት መስሏቸው እንደነበር፣ ነገር ግን በማግሥቱም፣ በዓመቱም፣ በሦስተኛው ዓመትም በዚያው መኪና፣ በዚያው ብር፣ ወደዚያው ወደብ መመላለሳቸውን ነገሩን። የተለወጠው በ1990 ዓ.ም. ነው። ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን አወጣች፤ የእኛም መንግሥት የብር ኖቶቹን ቀየረ፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሪ፣ በባንክ ኤል ሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ) ይሁን ተባለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ተነሣ፤ መንገዱም ተዘጋ። «በ85ቱ ባንዲራ ሲለያይ እኔ መንዳቴን አላቆምኩም። ያቆመኝ በ90 የመጣው ነው» አሉ።

መምህሩ የእኛን ነገር ጦርነት እንደቆረጠው፣ ብሪታንያና አውሮፓ ግን ተነጋግረው በስምምነት እንደተለያዩ በማስታወስ ሁለቱ እኩል እንዳልሆኑ አስጠነቀቀ። እውነቱን ነው። የአዛውንቱ ንግግር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንዞረው የቆየነውን ነገር ለእኔ ገለጠልኝ። ብሪታንያ ከኅብረቱ የወጣችው ጥር 31 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በኋላ ለዐሥራ አንድ ወር የዚያች ሴት ካርቶን በአንዲት ወረቀት መጓዙን አላቋረጠም፤ ያቆመው በ2021 መባቻ የነጠላው ገበያ (አገሮቹ በአንድ የገበያ ሕግ የሚሠሩበት) እና የጉምሩክ ኅብረቱ (በመካከላቸው ቀረጥና የጉምሩክ ወረቀት የማይጠየቅበት) በር ሲዘጋ ነው። መለየት አንድ ነገር ነው፤ ከተለዩ በኋላ በድንበሩ ላይ የሚተከለው ኬላ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ሳትሆን በነጠላው ገበያ ውስጥ አለች፤ ቱርክም አባል ሳትሆን ለአብዛኛው የኢንዱስትሪ ዕቃዋ የጉምሩክ ኅብረት አላት። የ2016ቱ የምርጫ ወረቀት የጠየቀው መቆየትን ወይም መውጣትን ብቻ ነው፤ በየትኛው በር እንደሚወጣ አልጠየቀም። ከነጠላው ገበያም ከጉምሩክ ኅብረቱም ለመውጣት መወሰኑ የተነገረው ከምርጫው በኋላ በጥር 2017 በጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ነው።

ነጋዴው ይህንንም ዝም ብሎ አልተቀበለም። «ሕጉ ሲወጣ ወንበር ሳይኖርህ ለሕጉ መገዛት ምን ነጻነት ይባላል?» አለ። ይህ ክብደት ያለው ቃል ነው። ኖርዌይ በአብዛኛው የምትሠራበትን የገበያ ሕግ ድምፅ ሳትሰጥበት ትቀበላለች፤ ከሕጉም ጋር የሠራተኞችን ነጻ ዝውውር ትቀበላለች። ብዙ መራጮች የወጡት ይህን ጠልተው እንደሆነ አምናለሁ፤ ለራስ ሕግ ሲባል ዋጋ መክፈልም ሞኝነት አይደለም።

በዚህ መካከል እንግዳይቱ ያልጠበቅነውን ነገር ነገረችን። የብሪታንያ ዜግነት ስላላት በ2016 መርጣለች፤ የመረጠችውም «እንውጣ» የሚለውን ነበር። በ«እንውጣ» ዘመቻ አውቶቡስ ላይ የተጻፈውን፣ በሳምንት ለአውሮፓ የሚላከው 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለሕክምና ይውላል የሚለውን አምና ነበር። በዚያ ላይ የእርሷ እናት ለጥየቃ እንኳ ቪዛ ሲከለከሉ አውሮፓዊ በመታወቂያው መግባቱ ያማት ነበር። ወንድሟ «ዛሬስ?» ሲላት፣ «ያን ሁሉ ወረቀት ያኔ አንድ ሰው አምጥቶ ቢያሳየኝ ኖሮ፣ ቢያንስ እያወቅሁ እመርጥ ነበር» አለች።

በእኔ ፍርድ የመምህሩ 4 በመቶ ግምት ቢሆንም በእጃችን ካለው ሁሉ የሚሻለው ነው፤ ኪሳራው አለ፣ እውነተኛም ነው። ነጋዴው ጥፋቱ ኪሳራ የለም ማለቱ ነው እንጂ ለነጻነት መከፈል አለበት ማለቱ አይደለም። የማዝነው ግን በ2016 በሁለቱም ወገን ለቆሙት የዘመቻው መሪዎች ድርጊት ነው። አንዱ ወገን ተቀናሹን ሳይቀንስ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ በአውቶቡስ ጽፎ ዞረ፤ ከተቀናሹና ኅብረቱ መልሶ ከሚሰጠው በኋላ ገንዘቡ ከዚያ እጅግ ያነሰ መሆኑን እያወቀ። ሌላው ወገን በፍጥነት የሚወርድ መዓት አወጀ፤ መዓቱ በቀኑ ሳይመጣ ሲቀር ዝግ ብሎ የመጣውን እውነተኛ ጉዳት የሚያምንለት አጣ። የሐኪሙን ፊርማ፣ የሥሪት አገር ማስረጃውን፣ በሰው ስሕተት ቆሞ የሚያድረውን መኪና ለዚያች ሴት አስቀድሞ የነገራት ማንም አልነበረም። ነጋዴውን ስንወጣ መንገድ ላይ ይህንኑ ብነግረው፣ ስለ ነጻነቱ ያለውን ሳይለውጥ ስለ ወረቀቱ ግን ተስማማኝ።